ፈረስን መመገብ፦ መጀመሪያ ሣሩ፣ እህሉ እንደ ሥራው

ፈረስ ምን ይበላል ብትሉ ሰው ሁሉ «ሣርና ገብስ» ብሎ ይመልስላችኋል። አልተሳሳተም። ችግሩ ያለው ስንት፣ መቼና የትኛው ይቅደም የሚለው ላይ ነው። ፈረስ በምግብ የተነሳ ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአሰጣጡ ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። ግቢው ውስጥ አንድ ፈረስ ያለውም ሆነ የፖሊስ ፈረስ የሚጠብቅ ሰው መነሻው አንድ ነው። የፖሊሱ ልዩ ጉዳይ ወደ ኋላ ላይ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ከሁሉ በፊት ሆዱን እወቁት

ይህን አትዝለሉት። የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ፈረስ እንደ ላም አያመሰኳም። ላም የበላችውን መልሳ አውጥታ ታላምጣለች። ፈረስ ግን የዋጠውን ዋጠ ነው፣ ማስመለስ እንኳ አይችልም። ጨጓራው ደግሞ ለዚያ ግዙፍ አካል ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል። ያው አንድ ባልዲ በሉት። ዋናው ሥራ የሚሠራው ኋላ በትልቁ አንጀት ነው። እዚያ ለቁጥር የሚያታክቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩን እያብላሉ ጉልበት ያወጡለታል። እንግዲህ እናንተ የምትቀልቡት ፈረሱን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ጭምር ነው።

ሌላው አሲዱ ነው። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም ሌት ተቀን አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ነው፤ ምራቁ ደግሞ የሚመነጨው ሲያኝክ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ በቀን እስከ 16 ሰዓት ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ የሚውለው። ሆዳም ሆኖ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

አንድ ቀን ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት። አንድ ኪሎ ድርቆሽ (የደረቀ ሣር) ለመጨረስ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከ3,000 ጊዜ በላይ ያኝከዋል። አንድ ኪሎ አጃ ግን በ10 ደቂቃ ገደማ እልም ይላል። ኪሎው እኩል፣ ምራቁ ግን በጣም የተለያየ። ጠዋት አንድ ቆርቆሮ እህል ተሰጥቶት እስከ ማታ ባዶ ግርግም ላይ የሚያፈጥ ፈረስ ቀኑን ሙሉ አሲዱ ጨጓራውን እየላጠው ነው የሚውለው።

1. መዝኑት

መኖ የሚሰላው በክብደት ነው፤ በዓይን ግምት ልምድ ያለው ሳይስም (ፈረስ ጠባቂም) ይሸወዳል። ትልቅ ሚዛን ከሌላችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከትከሻው ጉብታ ኋላ አድርጋችሁ በፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ቀጥሎ ከደረቱ የፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ድረስ ርዝመቱን ለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁን። ዙሪያውን በራሱ አባዙ፣ የወጣውን በርዝመቱ አባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ኪሎው ነው።

ዙሪያው 200 ርዝመቱ 178 የሆነ ፈረስ 599 ኪሎ ይመጣል። 600 እንበለው። ለፖሊስ ሥራ የሚመረጡት ብዙ ጊዜ እንዲህ ደልደል ያሉት ስለሆኑ በዚህ ፈረስ ልቀጥል።

2. ሣሩን አስቀድሙ

በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል። የኛ 600 ኪሎ ፈረስ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች መውረድ የለበትም፤ የቱንም ያህል እህል ብትሰጡት ያንን አይተካውም። እርጥብ ሣር ከሆነ ሂሳቡ ይለያል፤ ከአምስት እጁ አራቱ ውሃ ስለሆነ 10 ኪሎ የደረቀውን ለማግኘት 50 ኪሎ ያህል መጋጥ አለበት።

ድርቆሽ ስትገዙ እስሩን ሳትፈቱ አትክፈሉ። እጃችሁን መሃል ድረስ አስገቡና ጨበጥ አድርጉት። እጅ የሚወጋ፣ አገዳው እንጨት የሆነ ከሆነ ዘግይቶ የታጨደ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም። መሃሉ ሞቅ ካለ ሳይደርቅ ታስሯል ማለት ነው፣ ተዉት። ከዚያ ዘለላ አንስታችሁ ፀሐይ ባለበት አራግፉት። ነጭ ብናኝ ቦነን ካለ ሻጋታ አለው። ሽታውን የእናንተ አፍንጫ ካልወደደው የፈረሱም ሳንባ አይወደውም። ትንሽ አቧራ ብቻ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት ለ10 ወይም 20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነከር ማድረግ ይበቃል። የሻገተው ግን ቢነከርም ያው የሻገተ ነው።

አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ፕሮቲንና ካልሲየም አለው፣ ካልሲየሙም የጨጓራውን አሲድ ያለዝባል። ከሣሩ ሩቡን ያህል ቢሆን ይበቃል። ገለባ ደግሞ ለወፈረ ፈረስ መኖውን ለማብዛት ከድርቆሽ ጋር ይደባለቃል። ለብቻው፣ በተለይ ውሃ ሳይጠጣበት ከሆነ፣ አንጀቱ ውስጥ ተቋጥሮ ይደፍነዋል።

መሬት ላይ ስጡት። አንገቱን ደፍቶ ሲበላ አቧራው ወደ አፍንጫው አይሳብም። ቶሎ የሚጨርስ ከሆነ ቀዳዳው ጠበብ ያለ መረብ ውስጥ አድርጉለት፤ እየመዘዘ ሲበላ ሰዓቱ ይረዝማል።

3. እህሉ እንደ ሥራው

እህል የሚሰጠው ሣሩ ያልሸፈነውን ጉልበት ለመሙላት ነው። ሥራ የሌለው ጤነኛ ፈረስ ጥሩ ድርቆሽ ካለው እህል አያስፈልገውም። ይህን ስናገር የሚቆጡ አሉ፤ እህል ያልሰጡት ፈረስ የተበደለ ይመስላቸዋል። ለእንዲህ ያለው ፈረስ የሚያስፈልገው ጨውና ማዕድን ነው፣ ትንሽ የማዕድን ድብልቅ ይበቃዋል።

የኛ ፈረስ ያለ ሥራ ለመኖር ብቻ በቀን 20 ሜጋ ካሎሪ (የጉልበት መለኪያ ነው) ይፈልጋል። ቀላል ሥራ ሲኖረው 24፣ መካከለኛ ሲሆን 28፣ ከባድ ሲሆን 32 ይደርሳል። አንድ ኪሎ ደህና ድርቆሽ 1.8 ገደማ፣ አንድ ኪሎ አጃ ደግሞ 2.8 ገደማ ይሰጣል። 11 ኪሎ ድርቆሽ ከበላ ለመኖር የሚፈልገውን ሸፈነ ማለት ነው። ለቀላል ሥራ የጎደለው 4 ነው፣ 1.5 ኪሎ አጃ ይሞላዋል። ለመካከለኛ ሥራ የጎደለው 8 ነው፣ ወደ 3 ኪሎ። እንደምታዩት የእህሉ ሚና ያን ያህል ትልቅ አይደለም።

እህሉን ግን አከፋፍሉት። የእህል ስታርች (ዱቄታማው ክፍል) በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ማለቅ አለበት። በአንዴ ሲበዛ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ እዚያ ያሉት ተሕዋስያን ይበጠበጣሉ፣ አሲድ ይበዛል፣ ሆድ ይነፋል። አንዳንዴ ጣጣው እስከ ኮቴው ወርዶ ፈረሱን እስከ ወዲያኛው አንካሳ ያደርገዋል። ለ600 ኪሎ ፈረስ በአንድ ጊዜ ከ1.4 ኪሎ በላይ አጃ አትስጡ። 3 ኪሎው ለሦስት ይከፈል። ሁልጊዜ ድርቆሹን አስቀድሙ፣ እህሉ ይከተል።

አጃ ሳይፈጭም ይበላል። ገብስና በቆሎ ግን መከካት አለባቸው፤ በቆሎ ደግሞ ቢበስል ይሻላል። በጣሳ መስፈርን ነገር ተዉት። በቆሎ ከአጃ ይከብዳል፣ ጉልበቱም ይበልጣል፤ አንድ ጣሳ በቆሎ የአንድ ጣሳ አጃን ጉልበት እጥፍ ሊያክል ትንሽ ነው የሚቀረው። «ያው አንድ ጣሳ ነው የሰጠሁት» እያለ ፈረሱን ያሳበደ ስንት ሰው አለ።

ፉርሽካ ብዙ ሰው ይወዳል፤ ሞቅ ባለ ውሃ ተለውሶ ሲሰጥ ፈረሱም ይወደዋል። ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ፈረስ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ ካልሲየም ይፈልጋል። በየቀኑ ብዙ ፉርሽካ የሚበላ ፈረስ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ነው የሚበደረው፤ ሲቆይ የፊቱ አጥንት ያብጣል። ለጣዕም ትንሽ ጣል ማድረግ ምንም አይደለም፣ ቀለቡ ግን አይሁን።

4. ውሃና ጨው

በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል፤ ሙቀትና ሥራ ሲደመሩ ከዚያም ያልፋል። ባልዲውን በየቀኑ እጠቡት። ፈረስ የሸተተ ውሃ ከመጠጣት መጠማትን ይመርጣል፣ ያልጠጣ ፈረስ ደግሞ ድርቆሹ ሆዱ ውስጥ ይደርቅበታል።

ከሥራ ሲመለስ የሞቀውን ፈረስ ውሃ ከልክሉት የሚል የቆየ ምክር አለ። አትስሙት። ሲጠማ ይጠጣ፣ እየተራመደም ቢሆን ይጠጣ። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ የበለጠ ጨው አለው፣ በአንድ ሊትር ላብ ወደ 10 ግራም ማዕድን ይወጣል። ጨውም ውሃም እኩል ስለሚያልቅበት ጥም አይሰማውም። ትኩስ እያለ ካልጠጣ በኋላ «አልጠማኝም» ብሎ ዝም ሊል ይችላል።

ሥራ ባይኖረውም በቀን 30 ግራም ያህል ተራ የገበታ ጨው መኖው ላይ ነስንሱለት፣ ያላበው ቀን እጥፍ አድርጉት። ከዚያ በተጨማሪ የሚልሰው የጨው ድንጋይ ጋጣው ውስጥ ይኑር። ድንጋዩን ብቻ ካመናችሁ ግን አንዳንዱ ፈረስ ዞር ብሎም አያየውም።

5. መኖ ስትቀይሩ አትቸኩሉ

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ጊዜ የለመደው መኖ አለቀና አዲስ ኬሻ ፈትቼ በዚያው መጠን ሰጠሁት። መኖው ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ከድሮው የተሻለ። ማታ ላይ ፈረሱ መሬቱን በኮቴው መጫር ጀመረ፣ ወደ ጎኑ እየዞረ ሆዱን ያያል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። ሌሊቱን ከሐኪም ጋር ቆመን አደርን። ተረፈ፤ እኔ ግን የዚያን ሌሊት ነገር እስካሁን አልረሳሁትም።

ተሕዋስያኑ ያልለመዱትን በአንዴ አይችሉም። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አንድ አራተኛውን ብቻ አዲስ አድርጉ፣ ቀጥሎ ለሦስት ቀን ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ፣ በ10ኛው ቀን ሙሉ በሙሉ። ድርቆሽም ቢሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ እንዲሁ ነው። አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን ግዙ፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው።

6. የፖሊስ ፈረስ በስምሪት ቀን

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። የፖሊስ ፈረስም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ይኸው ነው። ሰው «ከባድ ሥራ ነው የሚሠራው፣ እህል ጨምሩለት» ይላል። እስቲ ቀኑን ተመልከቱት። ፈረሰኛውን፣ ኮርቻውንና ትጥቁን ይዞ ለሰዓታት ይወጣል፤ አብዛኛውን ሰዓት ግን በእርምጃ ይሄዳል ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቆማል። ጡንቻው የሚሠራው ቀላል ወይም መካከለኛ ሥራ ነው። እንደ እሽቅድምድም ፈረስ ከቀለባችሁት ትርፉ ጉልበት መውጫ ያጣና ሕዝብ መሃል ይዘልባችኋል። ፊኛ ሲፈነዳ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ዝም ብሎ እንዲቆም የሚፈለግ ፈረስ ጥጋብ አያምርበትም።

የሚጎዳው ሌላ ነው። ለረጅም ሰዓት ልጓም አፉ ውስጥ አለ፣ አይበላም፣ ጭንቀት አለበት፣ አሲዱ ግን ሥራውን አላቆመም። በባዶ ሆድ ሲንቀሳቀስ ደግሞ አሲዱ እየተረጨ መከላከያ ወደሌለው የላይኛው የጨጓራ ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ የስምሪት ቀን መኖ ዋና ግቡ ያንን ባዶ ሰዓት ማሳጠር ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው።

ከስምሪት ሦስት ሰዓት በፊት ድርቆሽ ይቀርብለታል፤ 2 ኪሎ ገደማ። እሱን ከጀመረ በኋላ የጠዋቱን እህል 1 ኪሎ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እስኪወጣ ድረስ እህል የለም። ኮርቻ እየተጫነ እያለ ግን አንድ ሁለት ጭብጥ ድርቆሽ፣ በተለይ የተቆራረጠ አልፋልፋ፣ ከፊቱ አድርጉለት። ጨጓራው ውስጥ እንደ ምንጣፍ ሆኖ አሲዱ እንዳይረጭ ይይዘዋል። «ሆዱ ሞልቶ እንዴት ይሠራል?» ካላችሁ፣ ሆዱን ሙሉት አላልኩም፤ ጭብጥ ነው ያልኩት።

በስምሪቱ መሃል የእረፍት ጊዜ ሲገኝ መጀመሪያ ፈረሰኛው ቡና ከመፈለጉ በፊት ልጓሙ ይውለቅ፣ ውሃ ይቅረብ፣ ከማመላለሻው መኪና ላይ የተንጠለጠለ የድርቆሽ መረብ ይጠብቀው። ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ማኘክ ማኘክ ነው። አንዳንድ ፈረስ የማያውቀውን ውሃ አይነካም፤ ከጋጣው ውሃ በጀሪካን ይዛችሁ ውጡ።

ሲመለስ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሽ፤ እህሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ ትንፋሹና ላቡ ከተመለሰ በኋላ። ትልቁን የድርቆሽ ድርሻ፣ ግማሹን ያህል፣ ለማታ አስቀሩለት። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ፈረስ ደግሞ የሚተኛው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ነገር የሚያካብድ፣ ደንገጥ ደንገጥ የሚል ፈረስ ከሆነ ከእህሉ ቀንሳችሁ በዘይት ተኩት። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የምግብ ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 2 ሜጋ ካሎሪ ይሰጣል፤ ከ0.7 ኪሎ አጃ ጋር እኩል ነው፣ ግን ስታርች የለውም። በሾርባ ማንኪያ ጀምሩና በሁለት ሳምንት ወደዚያ አድርሱት። ቶሎ ካበዛችሁት ያስቀምጠዋል።

የሕዝቡ ነገርስ? ሁሉም ሊያጎርሰው ይፈልጋል። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ከእጁ የተረፈ ሁሉ። ብዙ ፈረሰኞች እባካችሁ አትስጡ የሚሉት ለመኩራራት አይደለም። አንደኛ፣ ማን ምን እንዳጎረሰው አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ከእጅ መቀበል የለመደ ፈረስ እጅ ባየ ቁጥር አንገቱን ይሰዳል፣ ከዚያ ኪስ ይፈትሻል፣ ከዚያ ይነክሳል። የተነከሰው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ካሮትና ፖም መስጠት ከፈለጋችሁ በራሳችሁ እጅ፣ ጋጣ ውስጥ፣ ባልዲ ላይ ስጡት። ካሮቱን እንደ ሳንቲም ክብ ክብ አድርጋችሁ አትክተፉ፣ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። በርዝመቱ ሰንጥቁት።

7. የእረፍት ቀን

ስለዚህ ብዙ ሰው አያስብም። በድሮ ጊዜ ጋሪ ጎታች ፈረሶች እሑድ አርፈው፣ እህላቸውን እንደወትሮው በልተው፣ ሰኞ ሲወጡ ጥቂት ሄደው ደርቀው ይቆሙ ነበር። የኋላ ጡንቻቸው እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ያልባቸዋል፣ ሽንታቸው ቡና ይመስላል። «የሰኞ ጠዋት በሽታ» የሚል ስም የወጣለት በዚህ ነው። የፖሊስ ፈረስ ተራው ሳይሆን ሲቀር ጋጣ ውስጥ ስለሚውል ያው አደጋ አለበት።

ስለዚህ የሚያርፍ ከሆነ ከዋዜማው ማታ ጀምራችሁ እህሉን ቢያንስ በግማሽ ቀንሱ፣ ድርቆሹ ግን አይነካ። በእረፍት ቀኑም ከጋጣ አውጥታችሁ አንሸራሽሩት። ሲመለስ ደግሞ እህሉ ከሥራው ኋላ ይመለስ እንጂ አይቅደመው።

8. በጭራሽ የማይሰጥ

የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ለዶሮ ይጠቅማል፤ ለፈረስ ግን ጥቂቱም የልብ ጡንቻውን ይገድላል። ስለዚህ የመኖ አካፋና ባልዲ እንኳ ለየብቻ ይሁን። የሻገተ በቆሎ አንጎሉን የሚያበላሽ መርዝ ሊኖረው ይችላል። በማሽን የታጨደ የግቢ ሣር ክምሩ ውስጥ ቶሎ ይግላል፣ ይቦካል። ጎረቤት «ለፈረሱ» ብሎ በጆንያ ሲያመጣላችሁ አመስግናችሁ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። ጉሎ፣ አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ የድንች ቅጠልና ልጣጭ፣ ብዙ ጎመን፣ ቸኮሌት፤ እነዚህም ይቅሩ።

9. ፈረሱን አንብቡት

ሂሳቡ መነሻ ነው፣ ፍርዱን የሚሰጠው ፈረሱ ራሱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መዳፋችሁን ጎድኑ ላይ አሳርፉና ሳትጫኑ አንሸራትቱ። ጎድን አጥንቱ ለዓይን ሳይታይ ለእጅ የሚሰማ ከሆነ ልክ ነው። ዶን ሄኔኬ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ከ1 (በጣም የከሳ) እስከ 9 (በጣም የወፈረ) በሚሄደው የሰውነት መለኪያ ይህ 5 ነው። ለሥራ ፈረስ 5 ወይም ከ5 ትንሽ ከፍ ያለው ይበቃል።

ፋንድያውንም እዩት። መሬት ሲነካ የሚፈራርስ እንክብል መሆን አለበት። ደረቅና ትንንሽ ከሆነ ውሃ አንሶታል፣ ላላ ካለ መኖው ተቀይሮበታል ወይ እህል በዝቶበታል። ውስጡ ያልተፈጨ ጥሬ ካያችሁ፣ ወይም ግርግሙ ስር በግማሽ የታኘከ የድርቆሽ ድቡልቡል ካገኛችሁ ጥርሱን አሳዩ። የፈረስ ጥርስ በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጠርዙ ይሾላል፣ ጉንጩን ይቆርጣል። በዓመት አንዴ ሐኪም አይቶ ይሞርደው።

መሬት ከጫረ፣ ጎኑን እያየ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካቆመ ወይም የሚወደውን መኖ አሽትቶ ከተወ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጥሩ። እስኪደርስ ድረስ ግርግሙን ባዶ አድርጉት፣ ውሃው ግን ይቆይለት። በአፍንጫው የታኘከ መኖና አረፋ ከወጣ ግን ጉሮሮው ተዘግቷል ማለት ነው፤ ያኔ ውሃውንም አንሱ።